ሲሳውንድ ከወራት በኋላ፦ መብራት የወሰደብኝን ዜማ የመለሰልኝ ፕሮግራም

በጽሑፍ ትእዛዝ ድምፅና ሙዚቃ የሚሠራውን ነፃ ፕሮግራም፣ ሲሳውንድን፣ ከጫንኩ ወራት አልፈዋል። ከሁሉም አብልጬ የወደድኩት ማንም ሻጭ የማያወራለትን ነገር ነው፦ ዘፈቀደ የሚባሉት ቁጥሮቹ እንደገና ሲነሱ በዚያው ቅደም ተከተል ይመጣሉ።

ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። የትዝታ ቅኝትን አምስት ድምፆች በሠንጠረዥ አስቀመጥኩ፤ በግማሽ ድምፅ ሲቆጠር 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9። ሠንጠረዡን የሚሞላው ጄን 02 የሚባለው ትእዛዝ ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ካልተደረገለት ትልቁን ቁጥር 1 አድርጎ ሌሎቹን ስለሚያጣብብ፣ ምልክቷ አትረሳ። ራንድኤች የሚባለው የዘፈቀደ ቁጥር ትእዛዝ ደግሞ ከ-2.5 እስከ 2.5 ያለ ቁጥር አውጥቶ ቀጣዩ እስኪደርስ ይዞት ይቆያል። 2.5 እደምርበትና ሠንጠረዡን ለሚያነበው ትእዛዝ፣ ለቴብል፣ አቀብለዋለሁ። ቴብል ከነጥቡ በኋላ ያለውን ጥሎ ያነባል፤ 3.7 ከደረሰው በ3 ላይ ያለውን 7 ያወጣል፤ ቆጠራው ከ0 ነው የሚጀምረው። ምንም ቁጥር ቢመጣ ከትዝታ አይወጣም። ወንድሙ ቴብልአይ ግን በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን አስልቶ ስለሚሰጥ፣ ከ4 እና ከ7 መሃል 5.5 ሊያመጣ ይችላል። የድምፅ ሞገድ ከሠንጠረዥ ለማንበብ ግሩም ነው፤ ለቅኝት አይሆንም።

አንድ ምሽት አዘዞ ቤቴ ቁጭ ብዬ ማሲንቆ የሚመስል ድምፅ ላይ ይህንኑ ስሞክር አንጀት የሚበላ ዜማ መጣ። ገና ሳልቀዳው መብራት ሄደ። ሲመለስ ፋይሉን ከፍቼ ባስነሳው ያው ዜማ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድም ድምፅ ሳይሳሳት ወረደ! ራንድኤች ሌላ ካልተነገረው ሁልጊዜ ከ0.5 ነው የሚነሳው። ይህን መነሻ ቁጥር 0.31 ሳደርገው ሌላ ዜማ ሆነ። ያቺን ቁጥር ከፋይሉ ጋር ማራኪ ላለ ጓደኛዬ ላክሁለት፤ እሱም ቤት ያው ዜማ ተሰማ።

ፒያሳ ያለ ሻጭ ይህን ቢሰማ «ወንድሜ፣ ዘፈቀደ ከተደጋገመማ ተበላሽቷል፤ የእኛው ሁሌ አዲስ ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አዲስ ስፈልግ መነሻውን ከ1 በላይ አደርገዋለሁ፤ ያኔ ከኮምፒውተሩ ሰዓት ይነሳል። የእናንተ ውድ ፕሮግራም መብራት የወሰደውን ዜማ በአንድ ቁጥር ይመልስልኛል? «ነፃ ነገር ምን ይረባል» ለሚሉኝም፣ ባሪ ቨርኮ በአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ውስጥ በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይኸው ሲሳውንድ ነው፤ ዛሬም ሰው ይሠራበታል። ያወጣሁት ገንዘብ የለም፤ ቢያስከፍሉኝም እከፍል ነበር።

መመሪያው ድርቅ ያለ ነው፣ ድምፁ ጥሩ ነው፤ እዚያ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። የምትጀምሩ ግን ሁለት ነገር ያዙ። የሌሎች ዘፈቀደ ትእዛዞችን መነሻ የሚወስነው ሲድ የሚባለው ትእዛዝ ራንድኤችንና ዘመዶቹን ራንድንና ራንድአይን አይነካም፤ መነሻቸውን እዚያው ትእዛዙ ላይ ነው የምትጽፉት። ሁለት ራንድኤች፣ አንዱ ለድምፁ ከፍታ ሌላው ለጉልበቱ፣ መነሻ ሳትሰጡ ካስገባችሁም ሁለቱም ከ0.5 ተነስተው ያንኑ ቁጥር ያወጣሉ፤ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ጮክ፣ ወፍራሙ ሁሉ ዝግ ይላል። ለአንዱ 0.31፣ ለሌላው 0.72 ስጡት።