ሞተራችሁ ዘይት እያፈሰ ላስቸገራችሁ፣ ይህን መካኒክ ልጠቁማችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምጽፈው አንድ ባለሙያ ለማመስገን ነው።

የመኪናዬን ሞተር ከወንድሜ ጋር ቤት ነው የሠራነው። ፒስተኑን፣ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች)፣ ቱርቦውን (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚነፋውን)፣ ሁሉንም በእጃችን። ጉልበቱ እንደተመኘነው ነው፣ ግን ዘይት ያፈሳል። በተለይ ጠንከር አድርጌ ከነዳሁት በኋላ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሚጋጠሙበት ጠብ ጠብ ይላል። ያየው ሁሉ "የኋላው ፓራኦሊዮ ነው፣ ካምቢዮ ይውረድ" ይለኛል። ካምቢዮው ወርዶ ፓራኦሊዮው፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ ተቀየረ። ብዙም ሳይቆይ ያው ሆነ።

ይሄ ሰው ግን መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ሞተሩን አጥቦ አደረቀው። ከዚያ ዘይቱ ውስጥ የሚያበራ ቀለም ጨመረ፣ ትንሽ ነድቶት መጣና ጨለማ ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ጥግ ጥጉን ፈተሸ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ስንነዳ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ የሚንጠባጠብበትና የሚወጣበት ቦታ ለየቅል ሊሆን ይችላል። እንደዚያም ነበር። አንድ ቀጭን የሚያበራ መስመር ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን የኋላ ጥግ ተነስቶ በብሎኩ ጀርባ እስከ ካምቢዮው ወርዷል። ከፓራኦሊዮውም የወጣ አለ፣ ግን ትንሽ።

የክዳኑን ጋርኒሲዮን (ማሸጊያውን) ቀይሮ ሊሸኘኝ ይችል ነበር። እሱ ግን "ጋርኒሲዮኑም ፓራኦሊዮውም አዲስ ሆነው እኩል ከለቀቁ፣ ከውስጥ የሚገፋቸው ነገር አለ" አለኝ። ሲሊንደሮቹን በአየር ፈተሸ፤ ፋሻዎቹ ደህና ናቸው። ቀጥሎ በዘይት መለኪያው ቱቦ ላይ የግፊት ጌጅ ገጥሞ አብረን ወጣን። ቀስ ብለን ስንነዳ ቀስቷ ንቅንቅ አላለችም። ቱርቦው መንፋት ሲጀምር ግን ሽቅብ ወጣች።

ችግሩ ፒሲቪ የሚባለው ትንሽ ቫልቭ ነው። ሥራው በሞተሩ ሆድ የሚጠራቀመውን ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው መላክ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ላይ ግን ማስገቢያው ራሱ በግፊት ስለሚሞላ፣ በዚያን ሰዓት ቫልቩ ጥርቅም ብሎ መዘጋት አለበት። የኛው አልቋል፣ አይዘጋም። ቱርቦው የነፋው አየር ተመልሶ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ይገባና ዘይቱን ባገኘው ክፍተት ሁሉ ይገፋዋል። ከቱርቦው በራሱ ክብደት ወርዶ መመለስ ያለበትን ዘይትም ያግደዋል፤ አልፎ አልፎ ይወጣ የነበረው ሰማያዊ ጭስም ከዚሁ የመጣ ነው።

ቫልቩን ቀየረ፣ ከቴስታታው ክዳንም ሰፋ ያለ ቱቦ አውጥቶ ዘይቱን ከጋዙ የሚለይ ጣሳ አሰረለት። ካምቢዮው ሲወርድ ደግሞ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዘንግ) ላይ ፓራኦሊዮው የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍሬ እንድነካው አደረገኝ። ጥፍር የሚይዝ መስመር በልቶታል። እዚያ ላይ ቀጭን የብረት ቀለበት አለበሰው፤ እንደዚያ ካልሆነ የቱንም ያህል ጥሩ ፓራኦሊዮ ብትገዙ አይዝም። ሲሊኮን ሲቀባ እንኳ ቀጭን መስመር ብቻ ነው፣ ፊቱን ዘይት እስኪለቅ አጽድቶ። የተትረፈረፈው ወደ ውስጥ ገብቶ ይቆረስና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል አለኝ። ዘይት ሳይሞላም ሲሊኮኑ እንዲደርቅ አሳደረው።

አሁን ደረቅ ነው። ረጅም መንገድ፣ ዳገት፣ ሙሉ ግፊት፣ ሁሉንም አይቼዋለሁ።

ከሁሉም ደስ ያለኝ ያላስፈለገኝን ዕቃ ግዛ አለማለቱ ነው። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በእጄ ሰጥቶ ለምን እንደተቀየረ አስረድቶኛል። መካኒኩ ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሥራው ጊዜ ይወስዳል፣ ቶሎ በል ሲሉትም አይወድም። መኪናውን ትታችሁለት ሂዱ። ከዚህ በፊት ምን እንደተቀየረ ጽፋችሁ ብትሰጡት በጣም ያግዘዋል። ስልኩን በአደባባይ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።