«ተመረተ» ብሎ ለቀረጸልን ድርጅት የተሰጠ አስተያየት

ለአንድ አሮጌ ሕንፃ የታሪክ ሰሌዳ እንዳሠራ ኮሚቴው የወከለው እኔን ነበር። የቀረጸልንን ድርጅት ስም አልጠራም። አሠራሩ ግን የብዙዎች ስለሚመስለኝ ልጻፈው።

በመጀመሪያ የእጅ ሥራቸውን ላመስግን። እብነ በረዱ ስንጥቅ የለውም፤ ጠርዙም ጥሩ ሆኖ ተሞርዷል። የሚቀርጹት በአሸዋ ነው። ፊደሎቹ ተቆርጠው የወጡበት ጎማ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፤ አሸዋው በአየር ግፊት ይረጫል፤ ክፍት ያገኘውን ሁሉ ይበላዋል። የፊደሎቹ ጥልቀት እኩል ነው፤ ቀለሙም አልፈሰሰም። እጃቸው ይባረክ።

ጽሑፉ ላይ ስንመጣ ነው ጉዱ። «ተመረቀ» ብለን የሰጠነው «ተመረተ» ሆኖ መጣ። ሕንፃው ከፋብሪካ የወጣ ሳሙና መሰለ። ከላይ «ሕንፃ»፣ ሁለት መስመር ወረድ ብሎ «ህንጻ» ይላል። በሁለቱም የሚጽፍ ሰው አለ፣ በዚህ አልጣላም። ግን አንድ ድንጋይ ላይ እኮ ነው፤ አንዱን ምረጡ!

እንዴት እንደሆነ ጠይቄ ደረስኩበት። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ ገብቷል። የእነሱ የመቁረጫ ፕሮግራም ግን ወሬውን ገና አልሰማም። የሚያውቀው የድሮ ፎንት ብቻ ነው። ስለዚህ የላክንላቸውን ፋይል አይጠቀሙበትም፤ አንድ ሠራተኛ እያየ እንደ አዲስ ይተይበዋል። ናሙና ብለው የላኩት ደግሞ በስልክ የተነሳ ብዥ ያለ ፎቶ ነው። በትክክለኛው መጠን ወረቀት ላይ አትማችሁ አሳዩን ብላቸው «ችግር የለም፣ የለመድነው ሥራ ነው» አሉኝ። መልሳችንን ሳይጠብቁም ቆረጡት።

ቅሬታ ሳቀርብ ኃላፊው «ማን ያየዋል ብለው ነው?» አለኝ። ዋሽንግተን ያለውን የሊንከን መታሰቢያ ነገርኩት። በሰሜኑ ግድግዳ ላይ በተቀረጸው ንግግር ውስጥ «ፊውቸር» (መጪው ጊዜ) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲቆረጥ ኤፍ መሆን የነበረባት ፊደል ኢ ሆነች። ትርፏን ሰረዝ ደፈኗት። መታሰቢያው ከተመረቀ ከ1922 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ፣ ጎብኚው ግን ዛሬም ፈልጎ ፎቶ ያነሳታል።

እኛንም በሙጫና በድንጋይ ዱቄት እንድፈንላችሁ ብለውን ነበር። ጥላ ውስጥ ሲሆን አያስታውቅም፤ ፀሐይ በጎን ስትመታው ግን ጥገናው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እምቢ አልን። ደግነቱ ድንጋዩ ወፍራም ነበር። እያጉረመረሙ ገለበጡት፣ ጀርባውን አለስልሰው በራሳቸው ወጪ እንደገና ቀረጹት። ይህን ያደረጉት ሳይከራከሩ ቢሆን ኖሮ አስተያየቴ ሌላ ይሆን ነበር።

በነሐስ ብናሠራ ኖሮ ይህ ዕድልም አልነበረም። ነሐስ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ስለሆነ ፊደሎቹ ከሰሌዳው ጋር አንድ አካል ናቸው። ስህተት ከተገኘ ብዙውን ጊዜ እንደገና ማፍሰስ ነው።

ድጋሚ አሠራቸዋለሁ? አዎ፣ ግን በውል። በሙሉ መጠን የታተመ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ጽሑፉን አይቶት የማያውቅ ሰው ቃል በቃል ያነበዋል፤ ፊርማ ሳያርፍበት አሸዋው አይረጭም። ለቅርጻቸው ከአምስት አምስት እሰጣለሁ። ለእርማታቸው አንድ፤ እሷም ስልክ ስለሚያነሱ ነው።