ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ ተከራይታችሁ ወደ ባሌ ለምትወጡ

ለገና ከዴንቨር መጥቼ ከአጎቴ ልጅ ጋር ስድስት ቀን ወደ ባሌ ተራሮች ወጥቼ ነበር። ተራራው፣ የፓርኩ መግቢያ የሆነችው የድንሾ ከተማ ሰዎች፣ ፈረሱን የጫኑልን አባት፣ ሁሉም ከጠበቅኩት በላይ ነው። ያቃጠለኝ አዲስ አበባ ላይ ዕቃ ያከራየን ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ግን እንደኔ ከውጭ መጥታችሁ ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ገብተው የሚተኙበት ከረጢት) ተከራይታችሁ ለመውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳትከፍሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

ዴንቨር የራሴ ዕቃ ሞልቶኛል። ግን ወደ አገር ቤት ሲመጣ ሁለቱ 23 ኪሎ ሻንጣ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የእህቴ ልጆች ጫማ፣ የእናቴ መድኃኒት፣ ሰው ያስያዘኝ አደራ። ለድንኳን ቦታ የለም። ስለዚህ የተራራ ጫማዬን ተጫምቼ፣ የዝናብ ጃኬቴንና የግንባር ባትሪዬን በእጅ ሻንጣ ይዤ፣ የቀረውን እዚያው እከራያለሁ ብዬ ተነሳሁ። በጫማው አልተሳሳትኩም። ሌላው ዕቃ ተፈልጎ ይገኛል፤ እግራችሁን የለመደ ጫማ ግን የሚያከራይ የለም።

ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኑና ውሰዱ ተባልን። በሰዓቱ ደረስን፣ በሩ ዝግ ነው። ስንደውል አከራዩ "መንገድ ላይ ነኝ" አለን። 3 ሰዓት ላይ "ደርሻለሁ፣ አምስት ደቂቃ" አለ። የተከፈተው 5 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው። ሹፌራችን በአሰላና በበቆጂ አድርጎ እስከ ድንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፣ እንዳይመሽበት ሰዓቱን ያያል። ሰውየውም የተጠቀለለውን እንደተጠቀለለ መኪናው ላይ ይጭናል። አንዱን ስሊፒንግ ባግ ልፈታ ስል "ወንድሜ፣ መልሶ መጠቅለሉ ጊዜ ይፈጃል፣ እኛ ፈትሸነዋል" አለኝ። ተውኩት። የሆነው ሁሉ ከዚህች ደቂቃ ነው የመጣው።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። ስሊፒንግ ባግ አንዱ በቀን 700 ብር፣ ሁለት ወሰድን። ድንኳን 1,000፣ ሁለት ፍራሽ 400፣ የጋዝ ምድጃ 300። በቀን 3,100 ብር፣ ለስድስት ቀን 18,600። በዚያ ላይ 40,000 ብር ማስያዣ። ከአሜሪካ እንደመጣሁ ባያውቅ ማስያዣው ይህን ያህል እንደማይሆን የአጎቴ ልጅ ነግሮኛል፤ እኔ ግን ይመለሳል ብዬ አልተከራከርኩም።

ድንሾ የገባነው ምሽት 2 ሰዓት አልፎ ነው። በባትሪ ድንኳኑን ስንዘረጋ ከጎኑ ክንድ የሚያህል ቅድ አገኘን፣ በፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩ ከማርጀቱ የተነሳ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ላይ አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል። አንዱ የድንኳን ዘንግም ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። እዚያው ቆሜ ፎቶ አነሳሁት።

ስሊፒንግ ባጉን ደግሞ ስሙኝ። ስንከራይ "ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ይችላል" ተብለናል፣ ቁጥሩም እውነት ተጽፎበታል። ግን ጥሩ ስሊፒንግ ባግ ምልክቱ ላይ ሦስት ቁጥር አለው። ኮምፎርት የሚለው ብርድ ሳይሰማችሁ የምትተኙበት ነው። ሊሚት የሚለው ተኮራምታችሁም ቢሆን የምታድሩበት ጫፍ ነው። ኤክስትሪም የሚለው ለመኝታ አይደለም፤ ሰው በብርድ ሳይሞት ስድስት ሰዓት ያህል የሚቆይበት ልክ ነው፣ ያውም ተጎድቶ። የእኛው ላይ ኮምፎርቱ ከዜሮ በላይ 5፣ ሊሚቱ ዜሮ፣ ኤክስትሪሙ ከዜሮ በታች 15 ነው። ሰውየው የነገረን የመጨረሻውን ብቻ ነው። ባሌ ላይ በጥር ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ውርጭ ይወርዳል፤ ቀን በሸሚዝ የሄዳችሁበት ሜዳ ሲነጋ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። በዚያ ላይ ባጉ ለዓመታት ታጭቆ ስለተቀመጠ ውስጡ ሟሽሿል። በእጄ ስጨብጠው ሁለቱ ጨርቅ ይገናኛል፣ በመሐል ምንም የለም። ሙቀት የሚይዘው ያ የተነፋው አየር ነው፤ እሱ ከሌለ የተኛችሁት አንሶላ ውስጥ ነው።

ሁለተኛውን ሌሊት ተራራው ላይ ሶዶታ የሚባል ቦታ አደርን። 7 ሰዓት ላይ እግሬ አልሰማኝ አለ። ያለኝን ልብስ ሁሉ ደረብኩ፣ አልሆነም። የአጎቴ ልጅ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ እሰማለሁ። ሻይ ላፍላ ብዬ ምድጃውን ብለኩስ ጋዙ አልወጣም። ቆርቆሮው ሙሉ ነው፣ ሳነቃንቀው ይንቦጫቦጫል፣ ግን አይነድም። ምክንያቱን የማውቀው ዴንቨር ካለችበት ከኮሎራዶ ነው፤ ርካሹ ቆርቆሮ የሚሞላው ቡቴን ነው፣ ቡቴን ደግሞ ብርዱ ሲጠና ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ለብርድ ቦታ ፕሮፔን የተቀላቀለበት ነው የሚያስፈልገው። ያን ከውጭ ይዤ ልምጣ እንዳትሉ፣ የጋዝ ቆርቆሮ በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። አስጎብኚያችን የያዘው የላምባ ምድጃ ግን አንዴም አላስቸገረም። ላምባ ይዛችሁ ውጡ። እንጨት እንለቅማለን ብላችሁም እንዳታስቡ፤ የፓርኩ አስታ የሚባለው ዛፍ እንኳን ለእሳት ለራሱም አልበቃ ብሏል።

አዲስ አበባ ስነሳ እናቴ "ይሄን ጋቢ ያዝ" ብላኝ ነበር። ይከብዳል፣ ዘመናዊ ዕቃ ተከራይቻለሁ አልኳት። ያን ሌሊት ከድንኳኑ ወጥቼ እጄን እያሻሸሁ ስመላለስ ፈረሱን የጫኑልን አባት ነቁ። ከኮርቻው አጠገብ ነበር የተኙት። ቋንቋቸው ኦሮምኛ ነው፣ የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም። አዩኝ፣ ምንም አልተናገሩም፣ ራሳቸው የተከናነቡትን ቡልኮ አወለቁና ትከሻዬ ላይ ጣሉት። አይሆንም ብዬ ልመልስ ስል እጄን ያዙኝ። አስጎብኚው ተነስቶ "እኔ ተወልጄ ያደግኩበት ብርድ ነው፣ ለእኔ እንግዳ አይደለም፣ ልጄ ይልበሰው እያሉ ነው" ብሎ ተረጎመልኝ። እሳቸው የፈረሱን ግላስ ለብሰው መልሰው ተኙ። ቡልኮው ጭስና ቅቤ ይሸታል። አያቴ ቤት የገባሁ መሰለኝ፣ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

አስጎብኚው ያሳየንን ዘዴም ያዙልኝ። ውኃ አፈላ፣ ክዳኑ የማያፈስ ጠርሙስ ውስጥ ሞላ፣ ካልሲ አልብሶ እግራችን ስር ከተተልን። እስኪነጋ ለብ እንዳለ ነው። ሲነጋ ደግሞ የምትጠጡት ውኃ ይሆናል፤ ውጭ የተረሳው ግን በረዶ ሆኖ አደረ። ስልክና ባትሪም አቅፋችሁ ተኙ፣ ብርድ ቻርጁን ይበላዋል። ለምግብ ብዙ አትጨነቁ። ፈረሱን የጫኑልን አባት በቀንድ ይዘውት የመጡት ጩኮ፣ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ማለት ነው፣ ከዴንቨር ከያዝኩት የታሸገ ምግብ ሁሉ በለጠብኝ። አንድ እፍኝ በልታችሁ ግማሽ ቀን ትሄዳላችሁ።

የድንሾ አስጎብኚዎችን ያለ ምንም ፍርሃት እመክራለሁ። ዋጋው ተጽፎ ይታያል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ዲያስፖራ ነህ ብሎ የጨመረብኝ የለም። ከፍታው እንዳይጎዳንም የያዙን እነሱ ናቸው። ድንሾ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያው አሳደሩን። ከዚያ በላይ የምታድሩበት ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ማድረግ ነው ደንቡ፣ ኮሎራዶም የምንከተለው እሱን ነው። ከአውሮፕላን ወርዳችሁ በማግስቱ አትውጡ። እኔ አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ስለከረምኩ ቀላል ራስ ምታት ብቻ ነው ያየሁት።

ሦስት ቀን ዞረን ድንሾ ከተመለስን በኋላ አምስተኛውን ቀን በመኪና በጎባ በኩል ሳነቲ የሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ላይ ወጣን። የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ሁለት ጊዜ የወጣሁት የኮሎራዶው ኤልበርት ተራራ የሚበልጠው በ24 ሜትር ብቻ ነው። እዚያ በበጋ ቅዳሜ ጫፉ ላይ ፎቶ ለመነሳት ወረፋ ይያዛል። እዚህ ነፋሱና እኛ ብቻ። ስንወርድ ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ቀይ ቀበሮ አየን። ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሎ፣ ሆዱ ሣሩን እስኪነካ ዝቅ ብሎ፣ አንዷን እግሩን አንስቶ እንደያዛት ቆሟል። ጉድጓዱ አፍ ላይ አፈር ተንቀሳቀሰ፣ ዘለለ፣ ፍልፈሉን አጣው፣ ዞር ብሎ አየንና በእርጋታ ሄደ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ላይ ነው የሚኖሩት። ፓርኩ በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ሰምቼ ነበር፤ እዚያ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው። ስንት ዓመት የሰው አገር ተራራ ላይ ስወጣ ይህ አገሬ ላይ እንዳለ አለማወቄ ቆጨኝ።

እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ዕቃውን ልንመልስ ሄድን። "እሁድም አለን" ብሎን ነበር፤ ቤቱ ዝግ፣ ስልኩም ዝግ። ሰኞ ስንሄድ የአንድ ቀን ኪራይ 3,100 ብር ጨመረብን። እናንተ አልነበራችሁም ብንል "መልእክት መተው ነበረባችሁ" አለ። ከዚያ ድንኳኑን፣ ስንወስድ እንደተጠቀለለ የጫነልንን ድንኳን፣ ወለሉ ላይ ዘረጋና ቅዱን አሳየን፤ 15,000 ብር። ፎቶውን አወጣሁ። ፕላስተሩ ያረጀ መሆኑ ይታያል። እሱ ያየው ግን ቀኑን ነው፦ "ይሄ የተነሳው ከእኛ ከወጣ በኋላ ነው፣ እዚህ ሲወጣ ደህና ነበር።" ስለ ስሊፒንግ ባጉ ስናገር "ቁጥሩ ተጽፎበታል" ብሎ ዘጋኝ። ከ40,000 ብር 21,900 ቆጥሮ ሰጠን፣ ለቀነሰውም ደረሰኝ አልቆረጠም።

ዴንቨር ዕቃ ስከራይ ልጁ እያንዳንዱን ይዘረጋል፣ ዚፑን እስከ ጫፍ ይስባል፣ የቀድሞ ጉዳት ካለ ወረቀት ላይ ጽፎ ሁለታችንም እንፈርማለን። አስር ደቂቃ አይፈጅም። እዚህም ይህን ማስደረግ ይቻላል። ሹፌሩ ቢቆጣም፣ ቢመሽም፣ ድንኳኑን እዚያው በራቸው ላይ ዘርጉ፣ ዘንጉን ቁጠሩ፣ ፎቶውን ሰውየው እያየ አንሱ፣ የማስያዣው ወረቀት ላይ ጉዳቱን አጽፉ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ስሊፒንግ ባጋችሁን ከውጭ ይዛችሁ መምጣት ነው፤ ጥሩው ከአንድ ኪሎ ተኩል አይበልጥም።

ዴንቨር ከተመለስኩ በኋላ ለአከራዩ ሁለት ጊዜ ደወልኩለት። በሁለተኛው "አሜሪካ ተቀምጠህ ለ15,000 ብር ትደውላለህ?" አለኝ። እኔ የማስበው ቡልኳቸውን አውልቀው ያለበሱኝን አባት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ከፈረሳቸው ጋር በእግራቸው ሄደው፣ ጉርሻውን ጨምሮ የተከፈላቸው የዚያን ግማሽ አይሆንም።