ለካ የፔዳሉ ጎማ ነው! (አንድ መካኒክ ላመሰግን)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም ግን ይሄንን ሳልጽፍ ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ መካኒክ አለ፣ ስሙን እንዳልጠራ ራሱ "ኧረ ማዘር ይተዉ" ብሎ ስለለመነኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ደስ እያለኝ እሰጣችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ፍሬን ስይዝ እግሬ ሸርተት ይላል። መጀመሪያ ጫማዬ ነው ብዬ ጫማ ቀየርኩ። አንድ ቀን ግን ከፊቴ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም ፍሬኑን እረግጣለሁ ብዬ እግሬ ተንሸራቶ ነዳጅ መስጫው ጠርዝ ላይ አረፈ። እግዚአብሔር ጠብቆኝ ቶሎ መልሼ ረገጥኩት፣ ሲቆም በመሃላችን የቀረው ክንድ አይሞላም። ከዚያ ወዲህ መሪ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ለልጆቼ እንኳን አልተናገርኩም።

ጋራዥ ወሰድኳት። "ያንሸራትተኛል" ከማለቴ ልጁ ሳያስጨርሰኝ "ሸራው አልቋል" አለ። 2 ቀን ይዘዋት የፍሬን ሸራ ቀይረው አሪፍ አድርገው አስከፈሉኝ። በሚቀጥለው ዝናብ ያው ናት። ተመልሼ ስሄድ አንዱ፣ ልጄ የሚሆን ልጅ፣ "ፍሬኑማ ይይዛል፣ ችግሩ ያንቺ አነዳድ ነው" አይለኝም! እኔ መቼ አይዝም አልኩ? እግሬ ነው የሚንሸራተተው አልኩ እንጂ! አንድም ሰው እኮ ጎንበስ ብሎ እግሬ የሚያርፍበትን አላየም። ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ቢያንስ አዩት፣ ግን ከአሮጌ ጎማ ቆርጠው በማስቲሽ ለጠፉበት፣ ሳምንት ሳይሞላው አንድ ጎኑ ተነስቶ የጫማዬን ጫፍ መያዝ ጀመረ። ማንሸራተቱ ሳያንስ መያዝ ተጨመረበት።

ይሄን የማመሰግነውን መካኒክ የጠቆመችኝ የስራ ባልደረባዬ ናት፣ ትባረክ። ስደርስ ኮፈኑን አልከፈተም፣ ጎማ አልፈታም። "ሲደርቅ ነው ሲረጥብ የሚያዳልጥዎት?" አለኝ። የጫማዬን ሶል አየ። ከዚያ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን መሪው ስር አስገብቶ በስልኩ መብራት እያየ "ማዘር፣ እስኪ ይንኩት" አለኝ። የፍሬኑን ፔዳል ስነካው ልሙጥ! እነዛ ቆንጠጥ የሚያደርጉት መስመሮች የሉም፣ አንዱ ማዕዘን ላይማ ጎማው አልቆ ብረቱ ፈጧል። በየቀኑ ስረግጠው አንድ ቀን አላየሁትም።

አፌን ያስከፈተኝ ግን ይሄ ነው፦ የፍሬኑ ጎማ በነዳጁ በኩል ብቻ መበላቱን አይቶ "ተረከዝዎን ነዳጁ ጋ ተክለው ጣትዎን ብቻ ወደ ፍሬኑ ያዞራሉ፣ አይደል?" አለኝ። እውነት ነው። የፍሪሲዮኑ ደግሞ ከፍሬኑም ብሶ ስላየው "ማርሽ ቀይረው ከጨረሱም በኋላ እግርዎን አያነሱም" አለ። ባለቤቴ በዚህ ነገር ስንት ዓመት ሲጨቀጭቀኝ የኖረውን፣ ይሄ ልጅ አብሮኝ ሳይነዳ ከጎማው ላይ አነበበው!! ሳቅኩ፣ እሱም ሳቀ፣ ግን አላሳፈረኝም።

አሮጌዎቹን ይዞ ሄዶ ልክ የሚሆኑትን አመጣ (የማንዋልና የአውቶማቲክ የፍሬን ጎማ ስፋቱ እንደሚለያይ ያን ቀን ነው የሰማሁት)። ብረቱን ጠረገ፣ አዲሱን ጎማ በሳሙና ውሃ አርሶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ እየገፋ አለበሰው። እልህ ሲያስጨርሰው አይቼ አጠገባችን ያለውን ግራሶ "በዚህ አይቀልም?" ብለው ደንግጦ አየኝ፣ "ማዘር፣ ያኔማ መንሸራተቱን እኔው ሰራሁልዎ ማለት ነው።" ከጨረሰ በኋላ እየሳበ እየጠመዘዘ ሞከረው፣ የሳሙናውን ውሃ ደግሞ አጥቦ በንጹህ ጨርቅ አደረቀው። እኔ ልሂድ እላለሁ፣ እሱ በደንብ ሳይደርቅማ አይሆንም ይላል።

አሁን ጨርሷል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሊሸኘኝ ይችል ነበር አይደል? ግን የእጄን መንቀጥቀጥ አይቶ ነው መሰለኝ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ በጆግ ውሃ አምጥቶ እጅ እንደሚያስታጥብ ሰው ጎንበስ ብሎ የጫማዬን ሶል አረጠበውና "አሁን ይርገጡት፣ ጠንከር አድርገው" አለኝ። ረገጥኩ። እግሬ አልተንሸራተተም። ደግሞ አረጠበልኝ፣ ደግሜ ረገጥኩ። እስካምን ድረስ እዚያው ተንበርክኮ ጠበቀኝ፣ 10 ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። አለቀስኩ ብላችሁ አትስቁብኝ። በዚያ ላይ ምንጣፉ ተንሸራቶ ፔዳሉ ስር ገብቶ ስለነበር ሳልጠይቀው አስተካከለልኝ፣ ያስከፈለኝ ደግሞ የጎማዎቹንና ትንሽ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ለዚያ ሸራ ያወጣሁትን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል!

ወገኖቼ፣ ይሄን ጽሁፍ ጨርሳችሁ ወደ መኪናችሁ ሂዱና ጎንበስ ብላችሁ ፔዳላችሁን በእጃችሁ ዳስሱት። ልሙጥ ከሆነ ወይ ከተሰነጠቀ አትጠብቁ፣ ወደዚህ ልጅ ሂዱ፣ በእውነት ሂዱ፣ እጁ ይባረክ። ባለቤቴ አሁን "እግርሽን ከፍሪሲዮኑ አንሺ" ሲለኝ አነሳለሁ። መካኒኩ ስላለኝ እንጂ አንተ ስላልከኝ አይደለም ብዬዋለሁ።