የታመመ ትከሻን ለመፈተን፦ እጅ ወደ ጀርባ ወይስ ክንድ ወደ ላይ?

ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ሲቀዝፍ የኖረ ሰው ትከሻውን ሲያመው የትኛው ፈተና ይታመናል?

እጅን ከጀርባ አዙሮ አውራ ጣት የደረሰበትን የአከርካሪ አጥንት ማየት መሣሪያ አይጠይቅም፤ መቀነት እንደ ማሰር ያለ የዕለት ሥራም ነው። ይህን እወድለታለሁ። ነገር ግን አከርካሪን በዳሰሳ መቁጠር ያሳስታል፤ አንዱ መርማሪ አሥረኛው ያለውን የደረት አከርካሪ ሌላው አሥራ አንደኛው ሊለው ይችላል። ክርንም አብሮ ስለሚታጠፍ ውጤቱ የትከሻ ብቻ አይደለም።

ክንድን ወደ ላይ አንሥቶ በማዕዘን መለኪያ ማንበብ ግን ቁጥር ይሰጣል፤ ጤናማ ትከሻ ወደ 180 ዲግሪ ይጠጋል። ታማሚው ወገቡን ወደ ኋላ ከለጠጠ ቁጥሩ ያለ አግባብ ያድጋል፤ ጀርባውን አልጋ ላይ ማስተኛት ይህን ይቀንሳል።

ለክትትል ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የሚለካው አንድ ባለሙያ ከሆነ። ባሕር ዳር ላይ በየቀጠሮው ሌላ ሰው የሚያየው ቀዛፊ፣ አንድ ቀን ጠዋት ዐርፎ፣ ሌላ ቀን ከቀዘፋ መልስ ከተለካ፣ የጥቂት ዲግሪ ልዩነት መሻሻልም መባባስም ተብሎ ሊጻፍለት አይገባም።