ለሴት ልጅ ያልተለመደ ስም ፍለጋ፦ የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ የስም መዝገብ ሲፈተሽ

አሜሪካ ለተወለደች ሴት ልጅ ከዘወትር ቃል የተወሰደ፣ ብዙ ሰው ያላወጣው ስም የሚፈልግ ወላጅ የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር (የአገሪቱ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት) በየዓመቱ የሚያወጣውን የስም መዝገብ ሳያይ መወሰን የለበትም። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ምዝገባም ማስታወቂያም የለበትም። ቁጥሩ የተገኘው ለልጆች የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ለማውጣት ከሚሞላው ማመልከቻ ስለሆነ ግምት አይደለም፤ ወደ ኋላም እስከ 1880 ይሄዳል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የስም አፕሊኬሽኖች «ብርቅዬ» እያሉ የሚደረድሯቸውን ስሞች ለማጣራት ከዚህ የሚሻል አናውቅም። ችግሩ አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ገጽ ለዚህ ሥራ የማይሆነው መሆኑ ነው።

ፊት ለፊት ያለው የፍለጋ ሳጥን የሚያሳየው እስከ 1000ኛ ደረጃ ያሉትን ስሞች ብቻ ነው። በሴቶቹ በኩል 1000ኛው ስም ራሱ በዓመት 250 ለሚሆኑ ሕፃናት ይወጣል። ስለዚህ ሳጥኑ ስሙን አላገኘሁም ሲል ብርቅ ነው ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት ሁለት መቶ ልጆች ይዘውት ሊሆን ይችላል።

ትክክለኛው መሣሪያ እዚያው ድረ ገጽ ላይ የሚወርደው የመላ አገሪቱ ዚፕ (ብዙ ፋይሎችን ጨምቆ በአንድ የያዘ) ፋይል ነው። ሲከፈት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ የጽሑፍ ፋይል አለው፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ስሙ፣ ለሴት ኤፍ ለወንድ ኤም የሚል ፊደልና ብዛቱ በኮማ ተለያይተው ተቀምጠዋል። በቅርቦቹ ዓመታት የሴቶቹ ብቻ 17 ሺህ ገደማ ይደርሳሉ። የመጨረሻውን ዓመት ፋይል በኖትፓድ ከፍቶ ስሙን ከነኮማውና ከነኤፉ መፈለግ ነው። ኮማው ለምን ያስፈልጋል? የወፍ ስም የሆነችው «ሬን» (Wren) ያለ ኮማ ብቻዋን ብትፈለግ «ሬንሊ»ና ሌሎች ዘመዶቿም አብረው ይመጣሉ። እኛ ሁለቱንም ፍለጋ እንመክራለን፤ መጀመሪያ በኮማ፣ ቀጥሎ ያለ ኮማ። ልጅቷ ነገ ክፍል ውስጥ ስትጠራ ሬንም ሬንሊም ቀና ማለታቸው አይቀርምና። ኤሙንም መመልከት ነው፤ እንደ «ሴጅ» ያሉ ቃላት ለወንድም ይወጣሉ።

አማርኛ ተናጋሪ ወላጅን በጣም የሚያሳስተው ስፔሊንግ ነው። መዝገቡ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ስሞችን አይደምርም። ተቋሙ ራሱ በምሳሌነት የሚጠቅሳት ኬትሊን በሰባት አጻጻፍ ሰባት ቦታ ትቆጠራለች። በዚያ ላይ በዓመት ከ5 በታች ልጆች የያዙት ስም ለግለሰቦች ምስጢር ሲባል ከፋይሉ ይወጣል። አሁን «ሕይወት»ን እንውሰድ። መጨረሻዋ በኦ ወይም በኢ፣ መካከሏ ላይ ዋይ ገብቶ ወይም ሳይገባ በላቲን ፊደል ትጻፋለች፤ ይኸው አራት አጻጻፍ። በእያንዳንዱ አጻጻፍ አራት አራት ልጆች ቢኖሩ ስሙ 16 ልጆች ላይ እያለ በፋይሉ ውስጥ ጭራሽ አይታይም። «ፀሐይ»፣ «ፍቅር»፣ «ፅጌ» ላይም ያው ነው። ስለዚህ ሊጻፍባቸው የሚችሉትን መንገዶች ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍሮ አንድ በአንድ መፈለግና መደመር፣ የጠፋውንም ከ0 እስከ 4 ብሎ መያዝ ይሻላል። ሁለት ቃል የሆነ ስም ክፍተቱም ሰረዙም ወጥቶ ስለሚገጠም እንደ አንድ ቃል ነው የሚፈለገው።

የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን ብዙም አይናገርም። ትንንሽ ቁጥሮች ይዘላሉ፤ ዘንድሮ 6 የነበረው ከርሞ ጠፍቶ በሦስተኛው ዓመት 9 ሆኖ ይመለሳል። ቢያንስ የአምስት ዓመት ፋይል ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። የሚያስፈራው በተከታታይ የሚባዛ ቁጥር ነው። ሰማይ ማለት የሆነው «ሄቨን» (Heaven) ተገልብጦ የተጻፈው «ኔቬያ» (Nevaeh) ጥሩ ማሳያ ነው። በ1999 የያዙት 8 ልጆች ብቻ ነበሩ፣ በ2000 86 ሆኑ፣ በ2001 ደግሞ 1,191። በመካከሉ የሆነው አንድ የሮክ ዘፋኝ ልጁን ከነስሟ በኤምቲቪ ማስተዋወቁ ነበር። በ2010 ስሙ 25ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በ1999 ብርቅ ነው ብሎ ያወጣው ወላጅ ልጁ ትምህርት ቤት ስትገባ ሞክሼዎች ጠበቋት። ጨረቃ ማለት የሆነችው «ሉና» ግን ቀስ እያለች ነው የወጣችው፤ በ2022 10ኛ ሆነች። እንዲህ ያለውን ጉዞ ፋይሉን የሚያይ ሰው ከዓመታት በፊት ያውቀዋል።

ቁልቁል የሚሄደውም መታየት አለበት። «አሌክሳ» በ2015 32ኛ ነበረች፤ አማዞን ለሚያናግሩት መሣሪያው ይህንኑ ስም ከሰጠው በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚያወጡት ወላጆች እጅግ ቀነሱ። «አይሲስ» በዚሁ ስም በሚታወቀው ታጣቂ ቡድን ምክንያት በ2015 ከ1000ዎቹ ወጣች። ስም በድንገት ሲወድቅ ምክንያቱን ሳያጣሩ መውሰድ ጥሩ አይደለም።

መረጃው እንደመጣ የተቀመጠ እንጂ የታረመ አይደለም፤ ተቋሙም ይህን አይደብቅም። ጾታ በስህተት ይመዘገባል፤ ስለዚህ በጣም የታወቀ የወንድ ስም 6 ሴቶች ላይ ቢታይ ስድስቱም ሴቶች ናቸው ብሎ መተማመን አይቻልም። «አንኖውን» (ያልታወቀ) እና «ቤቢ» (ሕፃን) የሚሉ መዝገቦችም ከፋይሉ አልተሰረዙም፤ ከመዝገበ ቃላት ቃል ለሚፈልግ ሰው እነዚህ ስም ይመስላሉ። ከ1937 በፊት ከተወለዱት ብዙዎቹ ካርድ ስላላወጡ የጥንቶቹ ዓመታት ቁጥር ከእውነቱ ያንሳል። ቢሆንም አዲስ የሚመስል ቃል አሮጌ መሆኑን ያጋልጣሉ፦ «ኦፓል» በ1910ዎቹ መጀመሪያ ከ100ዎቹ ውስጥ ነበረች።

በክፍለ ግዛት የተከፋፈለው ፋይል ከ1910 ይጀምራል፣ ለብርቅ ስም ግን ብዙም አይረዳም። የ5 ልጆች ገደብ በየግዛቱ ለብቻው ስለሚሠራ በመላ አገሪቱ 60 ልጆች የያዙት ስም በአንዱም ግዛት ላይታይ ይችላል።

ትርጉምና አነባበብ ከዚህ መዝገብ አይጠበቅም። ቃሉን የማያውቅ ሰው ጽሑፉን አይቶ እንዴት እንደሚጠራው መሞከር የወላጅ ሥራ ነው፤ ስሙን ጽፎ ለሦስት አራት እንግዳ ሰው ማስነበብ ይበቃል። እንግሊዝ ወይም ዌልስ ለሚወልዱ ደግሞ የብሔራዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤቱ ሠንጠረዥ የተሻለ ነው። የሚጀምረው ከ1996 ቢሆንም ከ3 ልጆች ጀምሮ ስለሚያሳይ በአሜሪካው ፋይል የሚሰወሩ ስሞች እዚያ ይታያሉ። ስፔሊንግን ግን እሱም አይደምርም፤ ድመራው እዚያም በእጅ ነው።