ዐይኑ ዐ ሦስት ወር ፈጀብኝ፦ ጎንደር ላይ ስለተማርኩት የአረብኛ ኮርስ

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ቦታው አዲስ ዓለም ሰፈር ነው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። በሳምንት 3 ቀን፣ ከሥራ በኋላ፣ ለ3 ወር፣ በወር 1,200 ብር። የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ መብራት ሲጠፋ የስልክ ባትሪ። እኔ የሄድኩት ለሥራ ነው። በመተማ መስመር ዕቃ እናመላልሳለን፤ ከሱዳኖች ጋር በእጅ ምልክት መነጋገር ሰልችቶኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ወር ቃል ተማርን ማለት አይቻልም። ድምፅ ብቻ! 28 ፊደል አለ፤ 28ቱም ተነባቢ ነው። አጫጭሮቹን አናባቢዎች ከላይና ከታች በምትጫር ምልክት ያሳያሉ፣ እሷንም አብዛኛውን ጊዜ ይተዋታል። አብሮኝ የተመዘገበ አንድ ልጅ በ2ኛው ሳምንት «ብር ከፍዬ የመጣሁት ጉሮሮዬን ላጉመጠምጥ ነው እንዴ?» ብሎ ቀረ።

ቸኩሏል።

ልጅ ሆኜ የኔታ «ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» እያሉ ሲያስቆጥሩን ሦስቱንም ያው «ሀ» ነበር የምንላቸው። ታዲያ ለምን ሦስት ሆኑ ብዬ ብጠይቅ ያተረፍኩት ኩርኩም ነው። ከዚያ ስንት ዓመት ቆይቶ አንድ ኡስታዝ ሰሌዳ ላይ ሦስት ፊደል ጽፈው መልሱን ሰጡኝ። የመጀመሪያው መስታወት ላይ እፍ ሲሉ የሚወጣው ዓይነት ቀላል ትንፋሽ ነው። ሁለተኛው ጉሮሮን መሐል ላይ አጥብቦ፣ ሚጥሚጣ ያቃጠለው ሰው እንደሚተነፍሰው ነው። ሦስተኛው እየፋቀ ይወጣል፣ አክታ እንደሚጠርግ ሰው። በቃ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ማለት ነው! በግዕዝ ድሮ የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ እኛ ጋ ድምፁ ጠፍቶ ፊደሉ ቀረ። ትግርኛ የሚናገር ጎረቤት ካላችሁ ሐ እና ዐን ዛሬም በነጻ ትሰማላችሁ።

ዐ ግን ገደለኝ። ከዚያው ከጉሮሮ መሐል ነው የምትወጣው፣ ግን እንደ ሐ በትንፋሽ ብቻ ሳይሆን በድምፅ። ለ2 ሳምንት ያህል እንደ ታነቀ በግ ስጮህ ቤተሰቦቼ ታገሱኝ። ኡስታዙ ሲያጽናኑን ስለ ኸሊል ነገሩን፤ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ባስራ ውስጥ የኖረ ሊቅ ነው። መዝገበ ቃላቱን ሲያዘጋጅ ፊደሎቹን ከጉሮሮ ወደ ከንፈር ደረደረና በዐይን ጀመረ። ከመጀመሪያው ፊደል ከአሊፍ ሳይሆን ከዐይን! እኛም ዐይኑ ዐ ነው የምንለው፣ ስሙ ሳይቀር አንድ ነው።

ይኼ ሁሉ ልፋት ምን ይሠራል ለምትሉ፦ «አመል» በአልፋው አ ስትሉት ተስፋ ነው፣ «ዐመል» በዐይኑ ዐ ሥራ ነው። እኔ ደንበኛዬን ሥራ አለ ወይ ብዬ ልጠይቅ ስል ስንት ጊዜ ተስፋ አለ ወይ እንዳልኩት አላህ ይወቅ። ከሁሉ የባሰው ግን ቀልብ ነው። «ቀልቢ» ልቤ ማለት ነው፣ «ከልቢ» ውሻዬ። አማርኛ ላይ «ከልብ እወድሻለሁ» የምንለውን አረቧ ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

ጠ፣ ጸ፣ ቀ ላይ ስንደርስ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ተዝናና። የእኛው አይደሉ? ኡስታዙ ጠረጴዛ እየመቱ «አታፈንዱት! አታፈንዱት!» ይሉ ጀመር። ለካ የእኛ ጠ ጉሮሮ ተዘግቶ፣ አየሩ ታምቆ ጧ ብሎ ነው የሚወጣው። የአረቡ አይፈነዳም። የምላሱ ሥር ወደ ኋላ ይሳባል፣ ከሱ ጋር ያለው አናባቢም አብሮ ይወፍራል። እንዲህ ያሉ ወፍራም ፊደሎች አራት ናቸው፤ አንዷን፣ ዳድን፣ አረቦች ስለሚኮሩባት ቋንቋቸውን «የዳድ ቋንቋ» ይሉታል። «ሰይፍ» በቀጭኑ ሰ ያው ሰይፍ ነው፣ በወፍራሙ ግን በጋ ይሆናል። እኔ እስካሁን አንዳንዴ ይፈነዳብኛል።

ቀሪው ቀለል ይላል። «አል» የምትለዋ መነሻ ከ14 ፊደሎች ፊት ለ ድምፅዋን ትውጣለች፦ አል-ሸምስ ሳይሆን አሽ-ሸምስ፣ ፀሐይ። ከሌሎቹ 14 ፊት እንዳለች ትቆያለች፦ አል-ቀመር፣ ጨረቃ። እኛም «ተሰበረ» ብለን «ይሰበራል» ስንል ተን ውጠን ሰን እናጠብቅ የለ? ያው ነው። የማጥበቅ ነገር ከተነሳ ቀናሁባቸው። በአረብኛ «ደረሰ» ር ሲላላ ተማረ ነው፣ ሲጠብቅ አስተማረ፤ ለዚህ ሸዳ የምትባል ትንሽ ምልክት ከላይ ያስቀምጣሉ። እኛ «ገና»ን አንዴ በዓል፣ አንዴ «ገና ነው» እያልን በግምት እናነባለን። ፐ ደግሞ የላቸውም፤ ፓስታ ባስታ ነው።

አሁን ወደ ቀነስኳት ኮከብ። የሚያስተምሩት የመጽሐፉን አረብኛ ብቻ ነው። መተማ ወርጄ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ አሳምሬ «ቀልቢ» ብለው ሱዳኑ «ገልቢ» አለኝ። የእነሱ ቀ ገ ነው ለካ! ሦስትን ለመጥራት ምላሴን በጥርሴ መሐል አሹልኬ ስንት ተለማምጄ፣ እሱ «ተላታ» ብሎ አለፈ። የአብነት ተማሪ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ በግዕዝ ሽንኩርት ሲከራከር አስቡት፣ እኔ እንደዚያ ነበርኩ። ኡስታዙን ስጠይቃቸው «መጀመሪያ ሥሩን ያዝ፣ የሰፈሩ ይደርሳል» አሉኝ። ይሁን፤ ግን ከሱዳን ጋር ለምንዋሰን ሰዎች በ3 ወር ውስጥ 2 ቀን ለሱዳንኛው ቢሰጡ ምን ነበረበት? ምዝገባ ላይም አልነገሩንም።

ደግሞ 22 ተማሪ በአንድ መስታወት ነው የሚለማመደው። አፍ እያዩ መማር ግድ ነው፣ ተራ እስኪደርስ ግን ሰዓቱ ያልቃል። የሚቀጥለው ዙር ላይ ተመዝግቤያለሁ፤ መስታወቴን ከቤት ይዤ ነው የምሄደው፣ ጀማሪዎችም ያዙ።